ጎተራው የሁለት ከሆነ ቆጠራውም የሁለት ይሁን

እህል ወደ ጎተራ እንዴት እንደሚገባ በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ተጽፏል። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ እርከን ሥራና ስለ አረም መከላከል ያልተባለ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እህሉ ከጎተራ እንዴት እንደሚወጣ ግን እምብዛም አልተነገረም። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ያስገባውን ምርት በማን ስምምነት፣ ለምን ጉዳይና በየትኛው ወር እንደሚያወጣው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ጉዳዩ የባልና የሚስት ነው ተብሎ ስለሚታለፍ፣ የልማት ሠራተኛውም ሆነ የገበሬ ማኅበር መሪው ምርቱን ከማሳው እስከ አውድማው ከተከተለ በኋላ ከጎተራው ደጃፍ ይመለሳል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። በብዙ የገበሬ ቤት ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚደርሰው ችግር ከምርት ማነስ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከፊሉ ባልና ሚስት ከአንድ ጎተራ እየወሰዱ አብረው ሳይቆጥሩ በመኖራቸው የሚመጣ ነው። እህሉ ከአውድማ በገባ ሳምንት፣ የመጀመሪያው ቁና ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት፣ ሁለቱ ተቀምጠው ቢቆጥሩና ለየጉዳዩ ድርሻ ቢለዩ፣ ያው መሬትና ያው በሬ ቤቱን ከዓመት እስከ ዓመት ሊያደርሰው የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ረገድ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ ቀላል አይደለም።

ሁለት ኪስ በአንድ ቤት

በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል በልማድ የቤቱ ገቢ በሁለት ይከፈላል። በሬ፣ በግ፣ ባሕር ዛፍና በኩንታል የሚሸጥ እህል የባል ገንዘብ ነው። እንቁላል፣ ዶሮ፣ ቅቤ፣ ጌሾ፣ ከጓሮ የሚለቀም ጎመንና ቃሪያ እንዲሁም ተጠምቆ የሚሸጥ ጠላ የሚስት ገንዘብ ነው። ወጪውም እንደዚሁ ተከፍሏል። ግብር፣ ማዳበሪያ፣ የእርሻ መሣሪያና የበሬ መግዣ በባል ላይ ይወድቃል። ጨው፣ ቡና፣ ሳሙና፣ የወፍጮ ዋጋ፣ የልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ደግሞ ከሚስት ይጠበቃል።

ይህ ክፍፍል በራሱ ክፉ ነው ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሥራ ይሠራል፣ ለትንሽ ነገር ሁሉ መማከር አያስፈልግም፣ ቤቱም ይቀላጠፋል። ችግሩ የሚጀምረው አንዱ ኪስ ሲራቆት ነው። የጾም ወራት መጥቶ የቅቤውና የእንቁላሉ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጨውና ቡና የግድ መገዛት ስላለበት፣ ሚስት ከጎተራው ጥቂት ስንዴ ቆንጥራ በነጠላዋ ሸፍና ወደ ገበያ ትሄዳለች። ባልም ማረሻ እገዛለሁ ብሎ ግማሽ ኩንታል በአህያ ጭኖ ይወጣል። ማረሻው ይገዛል፤ ከተረፈው ገንዘብ ከፊሉ ግን ከጠላ ቤት ይቀራል። ሁለቱም የወሰዱት ጥቂት ነው፣ ሁለቱም ምክንያት አላቸው፣ አንዱ ግን የሌላውን አያውቅም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለትዕግሥት የተነገረ ይሁን እንጂ ለብክነትም ይሠራል። በየሳምንቱ የገበያ ቀን 5 ኪሎ እህል ብቻ ሳይነገር ቢወጣ፣ በዓመቱ 52 ገበያ 260 ኪሎ ይሆናል። ይህም 2 ኩንታል ከ60 ኪሎ ማለት ነው። ሌባ ሳይገባ፣ ነቀዝ ሳይነካው፣ በረዶም ሳይመታው ከቤት የጠፋ እህል ነው።

እህልን በቀን መቁጠር

ገበሬ እህሉን በቁና፣ በዳውላና በኩንታል መለካት ያውቅበታል። በቀን የመለካት ልማድ ግን ብዙም የለም። አንድ ኩንታል ስንት ሰው ስንት ቀን ያበላል? ባልና ሚስት በመጀመሪያ ሊነጋገሩበት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።

ለስሌት የሚያመች መነሻ አለ። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በእህል ለሚረዳ ሰው የተመደበው ልክ በወር 15 ኪሎ ነው። በቀን ግማሽ ኪሎ መሆኑ ነው። ሕፃን ከዚህ ያነሰ ይበላል፤ ሲያርስ የሚውል ሰው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። አንዱ ለሌላው ስለሚያካክስ ለቤተሰብ ስሌት ይበቃል። እንግዲህ ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን 3 ኪሎ፣ በወር 90 ኪሎ፣ በዓመት ደግሞ 11 ኩንታል ያህል እህል ያስፈልገዋል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ኩንታል ለዚህ ቤት የ33 ቀን ምግብ መሆኑን ነው።

በብር ሳይሆን በቀን እንዲቆጠር የሚመከረው በምክንያት ነው። የእህል ዋጋ ከጥር እስከ ሐምሌ ይለዋወጣል፤ ዘንድሮ የነበረው ለከርሞ አይገኝም። የቤተሰቡ ሆድ ግን በጥርም ሆነ በሐምሌ የሚጠይቀው ያንኑ 3 ኪሎ ነው። ከዚህም ሌላ በቀን የተቆጠረ እህል ለሁለቱም ይታያል። «ግማሽ ኩንታል ልሽጥ» የሚለው ቃል «የአሥራ ስድስት ቀን ምግብ ልሽጥ» ተብሎ ሲነገር፣ ሰሚውም ተናጋሪውም ቆም ብሎ ያስባል።

የአንድ ቤት ስሌት

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። ባል፣ ሚስትና አራት ልጆች አሉ። መሬታቸው አንድ ሄክታር ነው። ግማሹን ጤፍ፣ ግማሹን ስንዴ ዘርተው 8 ኩንታል ጤፍና 13 ኩንታል ስንዴ፣ በጠቅላላው 21 ኩንታል አገኙ እንበል።

አንደኛ፣ የዘሩ ድርሻ ይለያል። ለግማሽ ሄክታር ስንዴ 75 ኪሎ፣ ለግማሽ ሄክታር ጤፍ 15 ኪሎ ቢታሰብ 1 ኩንታል አይሞላም። ይህ ድርሻ በማንኛውም ምክንያት አይነካም። ዘሩን የበላ ቤት የሚቀጥለውን ዓመት ምርት በልቷል።

ሁለተኛ፣ የምግቡ ድርሻ 11 ኩንታል ነው። 9ኙ ስንዴ፣ 2ቱ ጤፍ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ለማዳበሪያና ለግብር የ2 ኩንታል ጤፍ ዋጋ ይመደባል እንበል። ማዳበሪያ በብዛት የሚፈለገው በግንቦትና በሰኔ፣ በገበሬው እጅ ጥሬ ገንዘብ በማይገኝበት ወቅት በመሆኑ ጤፉ ለዚያ ጊዜ ቢቆይ ይመረጣል።

አራተኛ፣ ለልብስ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሕክምና፣ ለጨውና ለቡና፣ ለእርሻ መሣሪያም 3 ኩንታል ይለያል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የዓመት መዋጮም ከዚህ ውስጥ ይወጣል። መዋጮው አንድ ጊዜ ከተከፈለ፣ በክረምት ልጅ ሲታመም በሬ ከመሸጥ ያድናል።

አምስተኛ፣ ለዕድር፣ ለማኅበር፣ ለበዓልና ለእንግዳ 1 ኩንታል ይያዛል።

ተደምሮ 18 ኩንታል ነው፤ የቀረው 3 ኩንታል ያህል ነው። ዋናው ጥያቄም ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ 3 ኩንታል በቀን ሲቆጠር 100 ቀን ነው። ከሰኔ 1 እስከ ጳጉሜ 5 ድረስ ያለው ጊዜ ደግሞ 95 ቀን ነው። እንግዲህ በጥር ወር «ትርፍ» መስሎ የሚታየው እህል፣ ዝናቡ ቢዘገይ ወይም ቤተሰቡ ላይ ሕመም ቢወድቅ፣ ክረምቱን በሙሉ የሚያሻግር ድልድይ ነው ማለት ነው። ችግር ካልመጣም ዋጋው በሚወደድበት በሐምሌ ተሸጦ ጥጃ ወይም በግ ይገዛል።

የትኛው እህል ይቆይ፣ የትኛው ይውጣ የሚለውም ባልና ሚስት አብረው የሚወስኑት ነው። ነቀዝ ስንዴን፣ በቆሎን፣ ማሽላንና ባቄላን ያጠቃል፤ ጤፍን ግን ደቃቅነቱ ስለሚጠብቀው እንደነዚህ አይጎዳውም። በመሆኑም ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው 3 ኩንታል ጤፍ ቢሆን ይሻላል። ለማቆየት የታሰበው ስንዴ ወይም በቆሎ ከሆነ ደግሞ በሚገባ ደርቆ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ቢታሰር፣ ተባዩ አየር አጥቶ ስለሚሞት መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም።

ይህ ስሌት ለሁሉም ቤት ይሠራል አይባልም። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ድርሻው አይሞላለትም፤ 11 ኩንታሉም አይገኝለትም። ለእርሱ ግን ቆጠራው ይበልጥ ያስፈልገዋል። በጥር ወር ቁጭ ብሎ «የእኛ እህል ሰኔ 15 ላይ ያልቃል» ብሎ ያወቀ ባልና ሚስት፣ በመስኖ ድንች ለመትከል፣ ሁለት በግ ለማድለብ ወይም የቀን ሥራ ለመፈለግ አምስት ወር አለው። ይህን ሰኔ 15 ላይ የሚያውቅ ቤት ግን ያለው ምርጫ አራጣ መበደር ወይም በሬውን መሸጥ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ጥር የሁሉም ነገር ወር ሲሆን

ጥር ለገበሬው የደስታ ወር ነው። እህል ገብቷል፣ ሥራ ቀንሷል፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሰርግ ይደገሳል። ጥር የኪሳራም ወር የሚሆንበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ዕዳ የሚከፈለው፣ ግብር የሚሰበሰበው፣ መዋጮ የሚጠየቀው፣ ሰርግ የሚደገሰው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ሁሉም ገበሬ በአንድ ጊዜ እህሉን ወደ ገበያ ያወጣል። ሻጭ ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል። በጥር ርካሽ ሸጦ በሐምሌ ያንኑ እህል በውድ የሚገዛ ገበሬ፣ መሬቱ የሰጠውን በገበያው ተነጥቋል።

የድግሱን ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር፣ ለኒካህ ወይም ለሰደቃ መሰብሰብ መልካም ባህል ነው፤ ወዳጅ ያፈራል፣ ሐዘንተኛን ያጽናናል። ማንም ይቅር ሊል አይችልም። ነገር ግን የድግሱን ልክ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱ ሳይሆን ፉክክሩ ነው። «እገሌ ሁለት መቶ ሰው ጠርቶ እኔ እንዴት ከዚያ አንሳለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው ጎተራውን የሚያራቁተው። ከላይ ባየነው ቤት ለጠላ፣ ለእንጀራና ለአረቄ 3 ኩንታል የወጣበት ድግስ፣ እንግዶቹ በአንድ ቀን በልተው የሄዱት የአስተናጋጁን ቤተሰብ የ100 ቀን ምግብ ነው። እንግዳው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ጉርሻው ከጉሮሮው ባልወረደለት ነበር።

በዚህ ውሳኔ ላይ የሚስት ድምፅ ከሌለ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። የድግሱን ስፋት የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ባል ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ነው። ሐምሌ ላይ ባዶ ምጣድ ፊት ቆማ ልጆቿን «ትንሽ ታገሡ» የምትለው ግን ሚስት ናት።

ለምን ይደባበቃሉ?

በተለያዩ የልማት ስብሰባዎች ላይ ይህ ሐሳብ ሲነሣ ሁለት ተቃውሞ ይሰማል። አንዳንድ አባወራዎች «ሚስቴ ጎተራውን የምታውቀው በእጇ ነው፤ ቆጠራ ምን ያስፈልጋታል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ በእጇ ታውቀዋለች። በየቀኑ የምትዘግነው እርሷ ስለሆነች እህሉ መሳሳቱን ከማንም በፊት የምትረዳው እርሷ ናት። ከማንም በፊት የሚያውቀው ሰው ውሳኔው ላይ የማይገኝበት ምክንያት ግን ምንድን ነው? ጎተራውን በእጇ የምታውቅ ሰው ከምክሩ ብትቀር የሚጎዳው ምክሩ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሴቶች በኩል የሚመጣ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ቢሆንም ክብደቱ ግን የበለጠ ነው። «ያለኝን ብነግረው የእንቁላሌንም ገንዘብ ይወስደዋል» ይላሉ። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሚስት ከጎተራው በነጠላዋ ሸፍና የምታወጣው ብዙ ጊዜ ቤቷን ለመጉዳት ሳይሆን፣ ብትጠይቅ እንደምትከለከል ወይም እንደምትነዘነዝ ስለምታውቅ ነው።

ስለሆነም አብሮ መቁጠር ማለት ሁሉንም ነገር ወደ አንድ ኪስ መጨመር ማለት አይደለም። የእንቁላሉ፣ የቅቤውና የጓሮው ገንዘብ በእጇ ይቆይ፤ በየሳንቲሙ አትጠየቅ። ባልም ለኪሱ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በስምምነት ይለይለት። ጎተራው፣ ከብቱና ዕዳው ግን የጋራ ቆጠራ ይሁን። ትንሹ ኪስ ለየራስ መተዉ ትልቁን ጎተራ በግልጽ ለመያዝ ይረዳል። መጠርጠር በሌለበት ቤት መደበቅ አይኖርም።

ቆጠራው ጽሕፈት የግድ አይፈልግም። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካለ በአንድ ደብተር ላይ የገባውንና የወጣውን ይጽፋል፤ ይህ ለልጁም የሒሳብ ትምህርት ነው። የሚጽፍ ከሌለ ደግሞ በጎተራው ልስን ላይ ለእያንዳንዱ የወጣ ቁና በከሰል አንድ መስመር ማስመር ይበቃል። በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሁለቱ መስመሩን አይተው «እስከ መቼ ያደርሰናል?» ቢባባሉ የሚፈጅባቸው ጊዜ አንድ ቡና ከሚፈላበት አይበልጥም።

ሕጉ ምን ይላል?

ጉዳዩ የመልካም ፈቃድ ብቻ አለመሆኑን የገበሬ ማኅበር መሪዎች ልብ ሊሉት ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ የንብረቱንም አስተዳደር በአብዛኛው ለእርሱ ሰጥቶ ነበር። ያ ዘመን አልፏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እኩል መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረት በሁለቱም እንዲተዳደር፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ገንዘብ ለመበደር ወይም ለማበደር የሁለቱም ስምምነት እንዲኖር አዝዟል። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ መሬቱ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አድርጓል።

እንግዲህ 500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? የግማሽ ኩንታል ማዳበሪያ ዋጋ እንኳ አይሆንም። ከዚህ የተነሣ በዱቤ የሚወሰድ የማዳበሪያ ዕዳ ሁሉ ሚስት ሳታውቀውና ሳትስማማበት ሊፈረም የሚገባው አይደለም። ደብተሩ ላይ ስሟ ያለ ሰው የዕዳው ወረቀት ላይ የማትገኝ ከሆነ፣ መሬቱ የሁለት፣ ዕዳው ግን የድብቅ ሆኗል።

ከገበሬ ማኅበር መሪዎች ምን ይጠበቃል?

የሰው ጓዳ ገብታችሁ እህል ቁጠሩ የሚላችሁ የለም፤ ተገቢም አይደለም። በእናንተ እጅ ያሉና ያለ ምንም ተጨማሪ በጀት ሊሠሩ የሚችሉ አራት ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛው፣ የማዳበሪያ ፍላጎት በሚመዘገብበትና ዱቤ በሚፈረምበት ቀን ባልና ሚስት አብረው እንዲቀርቡ ማድረግ ነው። ስብሰባው ሴቶች እንጀራ በሚጋግሩበት ወይም ውኃ በሚቀዱበት ሰዓት ከተጠራ አይመጡም። ቀኑንና ሰዓቱን እነርሱን ጠይቆ መወሰን ይቻላል። ሚስት የዕዳውን ልክ በሰኔ ካወቀች በጥር ለሚከፈለው ድርሻ ጎተራውን ትጠብቃለች።

ሁለተኛው፣ ልዩ ልዩ መዋጮዎች ሁሉ በአንድ ሳምንት እንዳይጠየቁ ማስተካከል ነው። በማኅበሩ ሥልጣን ሥር ያለውን መዋጮ ከጥር ወደ መጋቢትና ሚያዝያ ማከፋፈል፣ ከሥልጣኑ ውጭ ያለውን ደግሞ ለወረዳው ማመልከት ይቻላል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት ቀበሌም አባላት እህላቸውን በአንድነት አቆይተው ዋጋው በሚሻልበት ወር እንዲሸጡ መነጋገር ተገቢ ነው።

ሦስተኛው፣ የድግስ ልክ ነው። ይህ በትእዛዝ የሚሆን አይደለም። የዕድሩ ዳኛ፣ ቄሱ፣ ሼኹና ሽማግሌዎች ባሉበት ተመካክሮ፣ ለምሳሌ የሰርግ ድግስ ከአንድ ቀን እንዳይበልጥ ወይም ለተዝካር የሚወጣው እህል ከዚህ እንዳያልፍ በስምምነት መወሰን ይቻላል። ውሳኔው የሚጸናው ግን መሪው ራሱ ከጠበቀው ብቻ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ለልጁ ሰርግ በሬ ጥሎ ሦስት ቀን ካበላ፣ ድሃው ጎረቤቱ በሬውን ሸጦም ቢሆን ሁለት ቀን ማብላቱ አይቀርም። በገጠር ሰው የሚከተለው የተነገረውን ሳይሆን የታየውን ነው።

አራተኛው፣ አለመግባባት ሲመጣ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ሚስት «ባሌ ሳያማክረኝ በሬ ሸጠ» ብላ ስትመጣ «የቤት ጉዳይ ነው፣ ተመለሽ» ብሎ መሸኘት ቀርቶ፣ ሁለቱን አስቀምጦ የጎተራውን ቆጠራ መጠየቅ ይበጃል። ባልም «ሚስቴ እህል በድብቅ ሸጠች» ብሎ ቢከስ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ለጨውና ለቡና ምን ያህል ለይተህ ነበር?» የሚለው ነው። ብዙ ጠብ በዚህ ጥያቄ ብቻ ይበርዳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መሪው ከራሱ ቤት ይጀምር። ባለቤቱ ዘንድሮ ስንት ኩንታል እንደገባ፣ ስንት ዕዳ እንዳለ፣ እህሉ እስከየትኛው ወር እንደሚያደርስ ብትጠየቅ ሳታመነታ የምትመልስ ከሆነ፣ ሌላውን ለመምከር አፉ ይከፈታል። ካልሆነ ግን ከስብሰባው በፊት ለአንድ ምሽት ከእርሷ ጋር ጎተራው ሥር ቢቀመጥ ይሻላል።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። በእርሻው ላይ ይህ አልጎደለም፤ እርሱ ሲያርስ እርሷ ትጎለጉላለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች። በሥራው ሁለት የሆኑ ሰዎች በሒሳቡ ለየብቻ የሚሆኑበት ምክንያት የለም። በመጪው ጥር አውድማው ሲጠረግና እህሉ ሲገባ፣ ገበያው ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ቤት አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ይህ እህል እስከየትኛው ቀን ያደርሰናል? መልሱን ባልም ሚስትም እኩል ካወቁት፣ ሐምሌ ሲመጣ ቢያንስ ድንገት አይደርስባቸውም።